በርጊያ ነው ያልነው እንግዳ፦ በአንድ የቤት አኳሪየም ውስጥ የተገኘ የባሕር ቀንድ አውጣ

ለምን ጻፍኩት

አንድ ወዳጄ ሌሊት የጨው ውኃ አኳሪየሙ መስታወት ላይ 5 ሚሊሜትር የምታህል ነጭ ነገር ስትሄድ አየ። ፎቶ አንስቶ ላከልኝና ምን እንደሆነች ጠየቀኝ። ቸኩዬ መለስኩለት፤ መልሴም ስህተት ነበር። በዚያ ስህተት 11 ቀን ባከነ፤ ሁለት ዓመት የተደከመበት ኮራልም ግማሹ ተበላ።

ጉዳዩን ከነስህተቱ የማስቀምጠው ይኸው ግራ መጋባት ብዙ ሰው ቤት ስለሚገባ ነው። ኮራል የሚያሳድግ ሰው አንድ ቀን የማያውቀውን ዛጎል አልባ ቀንድ አውጣ ማየቱ አይቀርም። ያኔ ሁለት ነገር ይፈትነዋል። አንዱ ወዲያው መግደል ነው። ሌላው ደግሞ ቆንጆ ስለሆነ ብቻ መተው። እኛ የወደቅነው በሁለተኛው ነው።

ገንዳው ምን ይመስል ነበር

200 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ነው። ሙቀቱ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ጨዉ በሺህ 35 ነበር። ሁለት ክላውንፊሽ፣ ጥቂት ለስላሳ ኮራሎችና ሁለት ሞንቲፖራ ይኖሩበታል። ሞንቲፖራ ድንጋያማ አጽም የሚሠራ የኮራል ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ ሰሃን ተዘርግቶ ያደገ ነው። ሌላኛው ትልቁን ድንጋይ እንደ ቆዳ ለብሶ ነበር።

ገንዳው ውስጥ አይፕታሲያም ነበረ። አይፕታሲያ ትንሽ ቡናማ አኒሞን ነው፤ አኒሞን ድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚኖር ለብላቢ የባሕር እንስሳ ነው። አንዴ ከገባ ይራባል፣ አጠገቡ ያለውን ኮራል ይለበልባል፣ ሲቆርጡት ከቀረችው ቁራጭ መልሶ ይበቅላል። ወዳጄ እሱን ለማጥፋት ወራት ለፍቷል። ይህን የማነሳው ለስህተታችን መንገድ የጠረገው እሱ ስለሆነ ነው።

ከዚያች ሌሊት ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ አዲስ የሞንቲፖራ ቁራጭ ገብቷል። ከመግባቱ በፊት በኮራል ማጠቢያ ታጥቧል። የተለጠፈበት የሴራሚክ መቆሚያ ግን አልተነቀለም፤ ሥሩም አልታየም።

የመጀመሪያዋ ሌሊት

እንስሳዋን መጀመሪያ ያየቻት የወዳጄ ልጅ ናት። የገንዳው መብራት ከጠፋ ሁለት ሰዓት ገደማ ሆኖታል። በስልኳ መብራት እያበራች ስታይ፣ «አባዬ፣ ፀጉር ያላት ትል መስታወቱ ላይ አለች» አለችው። ቆየት ብዬ ሳስበው ከሁላችንም በደንብ ያስተዋለችው እሷ ነበረች። ያየችውን ብቻ ነው የተናገረችው፤ ስም አልሰጠችም።

የደረሰኝ ፎቶ ብዥ ያለ ነው። ነጭ ገላ፣ ከላይ ጣት ጣት የሚመስሉ ብዙ ነገሮች፣ ከፊት ሁለት ቀንዶች። እኔ ያየሁት በርጊያን ነው። በርጊያ አይፕታሲያ የሚበላ፣ ሰዎች ለዚሁ ሲሉ ገዝተው ገንዳቸው ውስጥ የሚጨምሩት የባሕር ቀንድ አውጣ ነው። አይፕታሲያ አለ፤ ነጭ ቀንድ አውጣ አለ። ሁለቱን አገጣጠምኩና «ዕድለኛ ነህ፣ በርጊያ ናት፤ ተዋት» አልኩት።

በርጊያ በራሱ እግር መጥቶ ገንዳ ውስጥ መገኘቱ ብዙም የሚያጋጥም ነገር አይደለም። አዲስ የገባው ደግሞ ሞንቲፖራ ነበር። ይህ ብቻውን ሊያነቃኝ ይገባ ነበር። ግን ወዳጄ ደስ እንዲለው ፈለግኩ። መልካም ዜናን ደግሞ ሰው ብዙ ሳይጠይቅ ይቀበላል።

የባከኑት ቀናት

በስምንተኛው ቀን ሰሃን የሚመስለው ሞንቲፖራ ጠርዙ ነጣ። ወዳጄ መብራቱ በዝቶበት ነው ብሎ ቀነሰው። የውኃውን አልካሊኒቲ፣ ማለትም ኮራል አጽሙን የሚሠራበትን የካርቦኔት መጠን፣ ለካ፤ ደህና ነበር። እኔም የመብራቱን ነገር ደገፍኩ። ሁለታችንም ነጭ ነገር አየን እንጂ ነጩ ምን ዓይነት እንደሆነ አላየንም።

ኮራል በመብራት ወይም በሙቀት ሲነጣ ሥጋው አይጠፋም። የሚጠፋው ውስጡ የሚኖረው አልጌ ነው። ሥጋው ግልጽ ሆኖ አጽሙን እንደሸፈነ ይቆያል፤ ቀርቦ ላየ ሰው ትንንሾቹ አፎች አሁንም ይታያሉ። ተበልቶ ሲሆን ግን ሥጋ የለም። የሚታየው ራቁቱን የቀረ አጽም ነው። በጤነኛውና በነጩ መካከል ያለው ድንበር የተቆረጠ ያህል ጥርት ያለ ነው። የሚጀምረውም ብዙ ጊዜ ከታች ወይም ከጠርዝ ነው፤ መብራት በማይደርስበት በኩል። የመብራት ጉዳት ቢሆን ከላይ፣ ብርሃኑ በሚያርፍበት ይብስ ነበር። ጥቂት ቀን ሲቆይ ራቁቱን የቀረው አጽም ላይ አረንጓዴ አልጌ ይወጣበታል። የእኛው በ10ኛው ቀን አረንጓዴ ለብሶ ነበር።

ሌላም ምልክት ነበር። አይፕታሲያዎቹ ከ14 አንድም አልጎደሉም። አንዲት 5 ሚሊሜትር የምታህል በርጊያ በዚህ ጊዜ ብዙ ታጠፋለች ብዬ አልጠብቅም። ግን አንዱ እንኳን ታሞ ወይም ተሰብስቦ አልታየም።

በ11ኛው ሌሊት ወዳጄ ደወለልኝ። ሦስት ሆነዋል። ሁለቱ ከሰሃኑ ሥር ተለጥፈው ነው ያገኛቸው።

መያዝ

ከዚህ በኋላ ነው ሥራውን በወጉ የጀመርነው።

መጀመሪያ የውኃ ማዞሪያዎቹን አጠፋን። ባትሪው ላይ ቀይ ላስቲክ አሰርን፤ በሌሊት የሚወጡ ብዙ እንስሳት በቀይ ብርሃን እንደ ነጩ አይደናገጡም። ከዚያ ወፈር ባለ ፒፔት (ፈሳሽ መሳቢያ ቱቦ) ውኃውን አብሮ በመሳብ አንድ በአንድ አወጣናቸው። ወረንጦ አልተጠቀምንም። ጀርባቸው ላይ ያሉት ጣቶች ሲነኩ ይረግፋሉ። እኛ ደግሞ ለመለየት የምንፈልገው እነሱኑ ነው።

ገንዳው ውስጥ መጨፍለቅ ጭራሽ አይሞከርም። ይህን ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ። ፊሊዲያ የሚባሉት የባሕር ቀንድ አውጣዎች ሲጨነቁ ዓሣ የሚገድል መርዝ ይለቃሉ። የባሕር ጥንቸል የሚባሉት ደግሞ ሐምራዊ ቀለም ይረጫሉ። ምን እንደያዝክ ሳታውቅ መጨፍለቅ በትንሽ ገንዳ ውስጥ ብዙ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

የያዝናቸውን በሦስት ብርጭቆዎች ከራሱ ከገንዳው ውኃ ጋር ለያየናቸው። ሙቀቱ እንዳይለወጥ ብርጭቆዎቹን ገንዳው ላይ አንሳፈፍናቸው። በየቀኑ ግማሹን ውኃ እንቀይር ነበር።

ማንነቷን ማጥበብ

ጠዋት አንዷን ነጭ ሳህን ላይ፣ ጥልቀቱ ጣት በማይሞላ ውኃ ውስጥ አደረግናት። ከጎኗ ማስመሪያ አስቀመጥን። ከላይ፣ ከጎን፣ ከፊት፣ በመጨረሻም በብርጭቆው ሥር በኩል ሆዷን አነሳን። እነዚህ አራት ፎቶዎች ከመጀመሪያው ብዥታ ጋር አይወዳደሩም። ሆድን ማንሳት ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፤ የእግሩን ስፋትና የአፉን አካባቢ የሚያሳየው እሱ ነው።

ከዚያ ስም ሳንፈልግ ጥያቄ ብቻ ጠየቅን።

በእርግጥ ቀንድ አውጣ ናት? ጠፍጣፋ ትሎች ብዙ ጊዜ ከባሕር ቀንድ አውጣ ጋር ይምታታሉ። እነሱ እንደ ወረቀት ስስ ናቸው፤ ብዙዎቹ ጭንቅላታቸው ላይ ለብቻው የቆመ ጥንድ ቀንድ የላቸውም፤ ቀንድ የሚመስል ቢኖርም ብዙ ጊዜ ጠርዛቸው ተጣጥፎ የፈጠረው ነው። የእኛዋ ወፈር ያለ ገላ፣ የሚለይ እግርና ከላይ የበቀሉ ሁለት የማሽተቻ ቀንዶች አሏት። ጠፍጣፋ ትል አይደለችም።

ዛጎል አላት? ስቶማቴላ የሚባል ቀንድ አውጣ ጀርባው ላይ ትንሽ ጠፍጣፋ ዛጎል ይዞ ይሄዳል። ዛጎሉ ከገላው ስለሚያንስ ሰው ዛጎል የለውም ብሎ ይገድለዋል። ያሳዝነኛል፤ አልጌ የሚበላ፣ ማንንም የማይነካ እንስሳ ነው። የእኛዋ ምንም ዛጎል የላትም።

አረንጓዴ ናት? ገላዋ እንደ ቅጠል የተጣጠፈ፣ ቀንዶቿ እንደ ተጠቀለለ ወረቀት የሆኑ ቢሆን ኖሮ ኤሊሲያና ዘመዶቿን እናስብ ነበር። እነሱ አልጌ መጥጠው ይበላሉ፤ አንዳንዶቹ የአልጌውን ክሎሮፕላስት (በብርሃን ምግብ የሚሠራውን ክፍል) ሳይፈጩ በሕዋሳቸው ውስጥ ያቆዩታል። ለኮራል ስጋት አይደሉም። የእኛዋ ግን ነጭ ናት።

ከኋላ አበባ የሚመስል ስንጥብ አላት? ያ ቢኖር ዶሪድ የሚባሉት ወገን ትሆን ነበር፤ ከእነሱ ብዙዎቹ ስፖንጅ ይበላሉ። የለም። በምትኩ ጀርባዋ በሙሉ በጣቶች የተሸፈነ ነው። እነዚህ ጣቶች ሴራታ ይባላሉ፤ ሲተነፍሱም ሲፈጩም የሚያገለግሉ ናቸው። ስለዚህ ኢዮሊድ ከሚባለው ወገን ናት።

እዚህ ስንደርስ ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ብቻ ቀሩ። አይፕታሲያ የሚበላው በርጊያ እና ኮራል የሚበላው ፌስቲላ። ሁለቱም ኢዮሊድ ናቸው፤ ሁለቱም ነጣ ያሉና ትንንሽ ናቸው። አንዱ ገንዳህን ያድንልሃል፣ ሌላው ይበላብሃል።

በርጊያ ወይስ ፌስቲላ

በርጊያ አፉ አጠገብ ሁለት ረጃጅም መዳሰሻዎች አሉት። ሲሄድ ወደፊት ዘርግቶ እየዳሰሰ ነው። የእኛዋ መዳሰሻዎች አጫጭር ናቸው። የበርጊያ ማሽተቻ ቀንዶች በጥቃቅን ኪንታሮት የመሰሉ ነገሮች የተሞሉ ናቸው፤ የእኛዋ ለስላሳ ናቸው። የበርጊያ ሴራታዎች ወደ ጫፍ እየቀጠኑ ይሄዳሉ። የእኛዋ እዚህ ያበጠ፣ እዚያ የሰረጎደ፣ እብጥብጥ ያለ ነው። በርጊያ ጭንቅላቱ ላይ ብርቱካንማ ምልክት አለው። የእኛዋ የላትም።

የጫፉ ነገር ትንሽ ማብራሪያ ይገባዋል። ኢዮሊዶች በአብዛኛው የሚበሉትን እንስሳ ለብላቢ ሕዋሳት ሳይጎዱ ይወስዱና በሴራታቸው ጫፍ ያከማቻሉ። የተሰረቀ መሣሪያ ለራሳቸው መከላከያ ይሆናቸዋል። ፌስቲላዎች ግን ይህ የማከማቻ ከረጢት የላቸውም። በዚህ ፈንታ የሚበሉትን ኮራል መስለው ይደበቃሉ። ለዚህ ነው ሁለቱ ከሰሃኑ ሥር ሆነው እስከ 11ኛው ሌሊት ያልታዩን።

ፎቶዎቹን ብዙ ዓመት ኮራል ያሳደጉ አንድ ሰው ዘንድ ላክን። የመለሱልን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «እንቁላል አይታችኋል?» አላየንም ነበር። የበርጊያ እንቁላል ነጭ ክር በጥምዝ ተጠቅልሎ ነው የሚመስለው። ሰሃኑን ገልብጠን በአጉሊ መነጽር ስናይ ጥምዝ የለም። ጤነኛው ሥጋ የሚያልቅበት ቦታ፣ ራቁቱን በቀረው አጽም ላይ፣ ነጫጭ ጥቃቅን እብጠቶች ተለጥፈዋል። እንቁላሉ የተጣለው የሚፈለፈሉት ቶሎ ምግብ በሚያገኙበት ቦታ ነው።

የማዕድ ፈተና

መልኳ ፌስቲላ ነበር። ግን አንዴ በመልክ ተሳስተናልና ምግቧን መጠየቅ ፈለግን።

አንደኛው ብርጭቆ ውስጥ ከአንድ አይፕታሲያ ጋር ትንሽ ድንጋይ አስገባን። ሁለተኛው ውስጥ የጥፍር ያህል የሞንቲፖራ ቁራጭ። ሦስተኛው ምንም የለበትም። አይፕታሲያና ሞንቲፖራን አንድ ብርጭቆ ውስጥ አላደረግንም፤ አኒሞኑ ኮራሉን ቢለበልበው ቁስሉን ከንክሻ መለየት ይቸግራል። ባዶው ብርጭቆ የቆየው ሌላውን ለማነጻጸር ነው። ቀንድ አውጣ አዲስ ቦታ ሲገባ አንድ ሁለት ቀን ሳይበላ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የአንድ ሌሊት ውጤት አያሳምንም ተባብለን ሦስት ሌሊት ጠበቅን።

በመጀመሪያው ማለዳ ሁለተኛዋ ሞንቲፖራው ላይ ወጥታ ተለጥፋለች። በሁለተኛው ቀን ከሥሯ የነጣ ጠባሳ ታየ። በሦስተኛው የቁራጩ ሩብ ራቁቱን ቀረ። አይፕታሲያ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ያለችው ከአኒሞኑ ርቃ መስታወቱ ጫፍ ላይ ነበረች፤ ሦስቱንም ቀን። ወዳጄ ብርጭቆውን እያየ፣ «አሁን ገባኝ» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

በዓለም ላይ ስም የወጣላቸው ራቁተ ስንጥብ (ኑዲብራንች) የባሕር ቀንድ አውጣዎች፣ ዶሪድና ኢዮሊድ የሚገኙበት ወገን፣ ወደ 3,000 ዝርያ ይሆናሉ። ብዙዎቹ የምግብ ምርጫቸው በጣም ጠባብ ነው። ሞንቲፖራ የሚበላው ይህ ዓይነት ለረጅም ጊዜ በኮራል አሳዳጊዎች ዘንድ የሚታወቀው በሚበላው ነገር ብቻ ነበር። ፌስቲላ ሱቦዲዮሳ የሚል ሳይንሳዊ ስም ያገኘው በ2020 ነው። በርጊያም ቢሆን ለዓመታት በተሳሳተ ስም ሲሸጥ ኖሯል፤ ዛሬ በርጊያ ስቴፋኒየ የሚባለው ዝርያ ስቴፋኒየ የሚለውን የዝርያ ስም ያገኘው በ2005 ነው። ስሙ ዘግይቶ ቢመጣም ማዕዱ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር።

እኛ በእርግጠኝነት የምንለው ፌስቲላ ናት፣ ሞንቲፖራ ትበላለች የሚለውን ነው። ዝርያዋን ለመፈረም የምላሷን ጥርሶችና ዘረመሏን ማየት ይጠይቃል። ለገንዳው ውሳኔ ግን ይህኛው በቂ ነበር።

ያዋጣውና ያላዋጣው

ሰሃኑን ከገንዳው አወጣን። መቆሚያውንና የሞተውን ጠርዝ ቆርጠን ጣልን። ሥራውን በእጅጉ ያቀለለው ይህ ነው፤ አብዛኛው እንቁላል እዚያ ነበር። የቀረውን አዮዲን ባለው የኮራል ማጠቢያ፣ መያዣው ላይ በተጻፈው መጠንና ደቂቃ አጠብነው። በመጀመሪያው እጥበት 9 ቀንድ አውጣዎች ረገፉ። ስንት እንደተደበቁ ያኔ ነው የገባን።

ማጠቢያው ትልልቆቹን ይገድላል፤ እንቁላሉን ግን አይገድልም። አዲሱ ቁራጭ ታጥቦም ተባዩን ይዞ የገባው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ስለዚህ በየሳምንቱ ደገምን። በየእጥበቱ መካከል እንቁላል የሚመስል ነገር ሁሉ በጥርስ ብሩሽ ተፋቀ። በሁለተኛው ሳምንት 4 ጥቃቅን፣ በሦስተኛው 2 ወረዱ። በአራተኛውና በአምስተኛው ምንም። ኮራሉ በእነዚህ ሳምንታት የቆየው መብራትና ማሞቂያ ባለው ሌላ ትንሽ ገንዳ ነው። ዋናው ገንዳ ያለ ሞንቲፖራ ለ6 ሳምንት ከረመ፤ እዚያ የቀረ ካለ የሚበላው እንዳያገኝ።

ድንጋዩን የለበሰውን ሞንቲፖራ ማትረፍ አልተቻለም። ድንጋዩ የሌሎቹ ሁሉ መሠረት ስለሆነ አይወጣም። ከአንድ ጫፍ 3 ሴንቲሜትር የምትሆን ጤነኛ ቁራጭ ሰብረን አዳንን፤ የቀረውን በመሮ ፍቀን አነሳን። ወዳጄ ይህን ሲሠራ ልቡ እንደተሰበረ ያስታውቅ ነበር።

ዓሣ መጨመርም ሞክሯል። ጥቃቅን ተባይ ይለቅማል የሚባል ባለ ስድስት መስመር «ራስ» (wrasse) የተባለ ዓሣ አስገባ። ዓሣው ቀን ይለቅማል፤ ቀንድ አውጣዎቹ የሚወጡት ሌሊት ነው፤ ቀን ከሰሃኑ ሥር ናቸው። ከንክሻው አንድም አልቀነሰም። ዓሣው ግን አሁንም እዚያው አለ፤ ችግሩ ሲያልፍ አይወጣም።

ለሌላ ገንዳ የሚሆነው

የማይታወቅ እንስሳ ሲገኝ ለይቶ ማቆየት ከመግደልም ከመተውም ይሻላል። አንድ ብርጭቆና አንድ ፒፔት ይበቃል። ሲረጋገጥ ወዳጅ ከሆነች ትመለሳለች።

ፎቶ አይቶ ስም የሚሰጥ ሰው፣ እኔን ጨምሮ፣ መጀመሪያ ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ የት ላይ ተገኘች፣ በቅርቡ ምን ገባ። የእኛ ጉዳይ መልስ ከፎቶው ይልቅ በእነዚህ ውስጥ ነበር።

አዲስ ኮራል ሲመጣ መቆሚያው ተነቅሎ ይጣል፤ ሥሩ ይታይ። እጥበት አንዴ ብቻ ከሆነ ግማሽ ሥራ ነው። የሚቻለው ሰው ለጥቂት ሳምንታት ለብቻው ያቆየው፤ የእኛ ኪሳራ በሙሉ በዚህ ይቀር ነበር።

የነጣ ኮራል ሲታይ ከመብራቱ በፊት በአጉሊ መነጽር ድንበሩን ማየት ይቅደም። ሥጋ አለ ወይስ የለም? መልሱ ወደ ሁለት የተለያየ መንገድ ይወስዳል። ማየቱም ከሌሊት ቢሆን፣ መብራቱ ከጠፋ አንድ ሁለት ሰዓት ቆይቶ።

አሁን

ሰሃኑ ከወጣ በ7ኛው ሳምንት ወደ ዋናው ገንዳ ተመለሰ። የተቆረጠበት ጠርዝ ላይ አዲስ ሐምራዊ እድገት ጀምሯል። ትንሿ ቁራጭም ድንጋይ ላይ ተለጥፋ መስፋፋት ይዛለች። አይፕታሲያዎቹ እንዳሉ ናቸው። ወዳጄ በርጊያ ሊገዛላቸው አስቧል፤ ሲመጡ በቅድሚያ ብርጭቆ ውስጥ ይገባሉ።

ከባዶው ብርጭቆ የተገኘችውን ልጁ አልጣለቻትም። በ95 በመቶ ኤታኖል በትንሽ ጠርሙስ አስቀምጣታለች። ወረቀቱ ላይ ቀኑን፣ ርዝመቷን፣ የተገኘችበትን ቦታና የምትበላውን ጽፋለች። ስም የሚጻፍበትን መስመር በእርሳስ «ፌስቲላ» ብላ ሞልታ ከጎኑ ባዶ ቦታ ትታለች።